በ1 ጊጋባይት ራም ጂኦሰርቨር ይሠራል ወይ?

ሰላም ወንድሜ። ባለ 1 ጊጋባይት ራም ክላውድ ሰርቨር ላይ ጂኦሰርቨር (ካርታ በኢንተርኔት የሚያቀርብ ሶፍትዌር) ጭነህ፣ ሁለት ሦስት ሰው ካርታውን ሲከፍተው ድርግም እንደሚል ጽፈሃል። «ትልቁን ልከራይ?» ላልከው፦ ቆይ፣ ገና ነው።

እኔንም እንዲሁ አድርጎኛል። ጠዋት አስነሳዋለሁ፣ ማታ ጠፍቶ አገኘዋለሁ። የጂኦሰርቨርን ሎግ (የሥራ መዝገቡን) ባገላብጠው አንድም ስህተት የለም። በኋላ የከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) ሎግ ስከፍት «አውት ኦፍ ሜሞሪ፦ ኪልድ ፕሮሰስ» ይላል፤ ከጎኑ ጃቫ፣ ጂኦሰርቨር የሚሠራበት። ለካ ጂኦሰርቨር አልተበላሸም። ራም ሲያልቅ ሊኑክስ ብዙ የሚበላውን መርጦ ይገድላል። ድንገት የተገደለ ፕሮግራም ደግሞ ሎግ የሚጽፍበት ጊዜ የለውም።

ጥፋቱ የኔው ነበር። ከኢንተርኔት የገለበጥኩት ማስነሻ ትዕዛዝ ለጃቫ 2 ጊጋባይት ሂፕ (ፕሮግራሙ ዳታውን የሚያስቀምጥበት ራም) ይፈቅዳል። ባልነካው ኖሮ ጃቫ ራሱ የማሽኑን ራም ሩብ ያህል ነበር ጣሪያ የሚያደርገው። እኔ ግን የሌለ ቤት አከራየሁት! ወደ 400 ሜጋባይት ዝቅ አደረግሁት። ጃቫ ከሂፑ ውጭም ይበላል፤ አጠገቡ ፖስትጂአይኤስ (የካርታ ዳታቤዝ) ካለ ለሱም አስብለት። 1 ወይም 2 ጊጋ ስዋፕ (ራም ሲጠብ የሚያግዝ የዲስክ ቦታ) ጨምር። ዲስክ ስለሆነ ይጎተታል፣ ግን ከመሞት መሰንበት ነው።

ከዚያ ትንሽ ሂሳብ ሥራ። 4,000 በ4,000 ፒክስል ምስል ሲሳል፣ ለአንድ ፒክስል 4 ባይት ስለሚይዝ፣ ለብቻው 64 ሜጋባይት ይወስዳል። 256 በ256 የሆነች ታይል (የካርታ ቁራጭ) ግን 256 ኪሎባይት ብቻ ናት። ስለዚህ ካርታውን በታይል አቅርብ፤ አንዴ የተሳለችውን ከጂኦሰርቨር ጋር በሚመጣው ጂኦዌብካሽ አስቀምጥ። የሁሉንም ዙም ታይል ቀድመህ አታዘጋጅ ታዲያ። አንድ ዙም በጨመርክ ቁጥር ታይሉ 4 እጥፍ ይሆናል። እኔ እስከ 18 ብዬ ለቅቄው ተኛሁ፤ ጠዋት ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቷል።

የሳተላይት ምስል ካለህ በጂዳል (የካርታ ፋይል ማዘጋጃ መሣሪያ) ኦቨርቪው፣ ማለት አነስ ያሉ ቅጂዎች፣ ሥራለት። አለዚያ ከሩቅ ለማሳየት እንኳ ያን ሁሉ ፋይል ያነባል።

ግን ካርታህ ይቀየራል? በወር አንዴ ብቻ ከሆነ ጂኦሰርቨር ራሱ ምን ያደርግልሃል? ታይሎቹን ሁሉ የሚይዘውን፣ ፒኤምታይልስ የሚባለውን አንድ ፋይል አዘጋጅተህ ኤንጂንኤክስ (ተራ ዌብ ሰርቨር) ላይ አስቀምጠው። ብራውዘሩ ከፋይሉ የሚፈልጋትን ቁራጭ ብቻ ይወስዳል፣ ሰርቨሩ ምንም አይስልም። የኔ አንዱ ካርታ እንደዚያ ነው የሚሠራው፤ መኖሩንም ረስቼዋለሁ። ደብሊውኤምኤስ (ካርታን በተጠየቀ ጊዜ ስሎ በምስል የሚሰጥ አሠራር) የግድ ካስፈለገህ፣ በሲ ቋንቋ የተጻፈው ማፕሰርቨር በራም በኩል በጣም ቀለል ይላል። ካርታው እንዴት እንደሚሳል የሚነግረውን ማፕፋይል በእጅ መጻፍ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፣ እወቀው።

እስቲ የከርነሉን ሎግና ጃቫን የምታስነሳበትን ትዕዛዝ እዚህ ለጥፍልን።