ይህ ነገር ሉቃስን ያውቃል?

የኮምፒውተር ሥራ ድርጅት ለማቋቋም የተነሣችሁ ወጣቶች ቢሮዬ ድረስ እየመጣችሁ «ጋሼ፣ ከምን እንጀምር?» ትሉኛላችሁ። ስልክ ይጠራል፣ ሌላ እንግዳ ይገባል፣ እናንተም ግማሽ መልስ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። የቀረውን ግማሽ በጽሑፍ ልስጣችሁ ብዬ ብዕር ሳነሣ ግን እጄ የሄደው ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ ወዳሳፈረኝ ሥራ ነው። እሱን እነግራችኋለሁ፤ አስቀድሜ ግን በምን ዘመን እንደነበርን ትንሽ ላስረዳ።

አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ሒሳብ ተምሬ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ስምንት ዓመት የሰው ደመወዝ ሳሰላ ኖሬ፣ በ1990 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ሕንፃው ዛሬ የለም፤ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ እሱም አብሮ ሄደ። ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ማተሚያ ነበረኝ፤ ገንዘቡ የዕቁብ ነው፣ ዕጣው ቶሎ ወጣልኝ። ኢንተርኔት ለሕዝብ ከተከፈተ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው፤ የሞባይል ስልክ ገና አልመጣም። እንጀራዬ የጽሕፈት ሥራ ነበር፦ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ። ያኔ በአንዱ የአማርኛ መጻፊያ የተተየበ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የተበተነ ጤፍ ይመስል ነበር፤ ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነውና፣ እያንዳንዱ ሠሪ ፊደሉን በፈለገው ቁጥር ላይ ያስቀምጠው ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1999 ነው። ኒያላ የተባለው የአማርኛ ፊደል ቅርጽ (ፎንት) ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር አብሮ ተጭኖ እስኪመጣ ደግሞ ሌላ ሰባት ዓመት ያህል ጠበቅን። እናንተ በስልካችሁ አማርኛ ስትጽፉ ይህ ሁሉ ትዝ አይላችሁም፤ እንዲህ መሆኑ ደስ ይለኛል፣ ትንሽም ያስቀናኛል።

ታኅሣሥ 1995 ዓ.ም. ላይ ነገሩ ተለወጠ። ተጨማሪ እሴት ታክስ ሥራ ላይ ዋለ፤ የዓመት ሽያጩ ከ500,000 ብር የሚያልፍ ነጋዴ ተመዝግቦ 15 በመቶ እየሰበሰበ ማሳወቅ ግድ ሆነበት። ሒሳቡን በእርሳስ ሲይዝ የኖረ ባለሱቅ በአንድ ጊዜ በቀንና በቁጥር የተደረደረ ደረሰኝ አምጣ ተባለ። እኔም ዕድሌ መጣ ብዬ አራት ወር ሌሊት ሌሊት ሠርቼ የሽያጭ መመዝገቢያ ፕሮግራም ጻፍኩ። ቀኑ በእኛው አቆጣጠር መሄዱ ትልቁ መኩሪያዬ ነበር፤ ከውጭ የሚመጡት ፕሮግራሞች አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር አያውቁም። አሥራ አንድ ሱቆች ገዙኝ።

ከአሥራ አንዱ አንዱ እዚያው ፒያሳ የነበረ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነው። ሒሳብ ያዡ በዕድሜ የገፉ፣ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ የነበሩ፣ በጣታቸው ደምረው ካልኩሌተር የሚቀድሙ ሰው ነበሩ። ግንቦት ውስጥ ፕሮግራሙን ጭኜ ሳስረዳቸው ሁሉንም በትዕግሥት ሰሙኝና መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «ልጄ፣ ይህ ነገር ሉቃስን ያውቃል?» አሉኝ። የቤተ ክርስቲያን ጨዋታ መሰለኝ፤ ወይም እርጅና። «ሁሉንም ያውቃል፣ አባቴ» ብዬ ፈገግ አልኩና ወደሚቀጥለው ቁልፍ አለፍኩ። እሳቸውም ዝም አሉ።

ጳጉሜ 6 ቀን 1995 ዓ.ም. ሐሙስ ነበር፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የሱቁ ባለቤት ደወሉ፤ ኮምፒውተሩ «የተሳሳተ ቀን» እያለ ደረሰኝ አልሰጥ ብሏል። እየሮጥኩ ስደርስ ገበያተኛው እስከ በረንዳው ተሰልፏል። አንዲት እናት ለልጃቸው ቀሚስ የመረጡትን ጨርቅ ታቅፈው «ይህ ቴሌቪዥን ደግሞ ምን ሆነ?» ይላሉ። አዛውንቱ ሒሳብ ያዥ ከመሳቢያቸው ካርቦን የገባበት የደረሰኝ ጥራዝ አውጥተው በእጃቸው እየጻፉ ሰዉን ያሰናብታሉ። ቀና ብለው አዩኝና «ዘመነ ሉቃስ» ብቻ ብለው ወደ ጽሕፈታቸው ተመለሱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓመታቱ በአራቱ ወንጌላውያን ስም በየተራ ይጠራሉ፦ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ። ጳጉሜ ስድስት ቀን የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 በሚተርፍበት ዓመት ማለት ነው። 1995ን አካፍሉት። እኔ ከፈረንጅ መጽሐፍ ያጠናሁት ደንብ ግን ቀሪ በሌለው ዓመት ላይ አንድ ቀን ጨምር የሚል ነው፤ እንዳለ ገለበጥኩት። ፕሮግራሜ ስድስተኛዋን ቀን ለ1996 አስቀምጦ 1995ን ነፍጓታል። ለማረም አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። አሥራ አንዱን ሱቅ በእግርና በታክሲ ለማዳረስ ግን ቀኑ መሸ፤ አምስቱ ጋ ስደርስ ዘግተው ሄደዋል። ሁለቱ ከዚያ በኋላ ስልኬን አላነሡም።

እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ያቺ የግንቦት ፈገግታዬ ናት። ሰውየው ስሕተቴን ከወራት በፊት በአራት ቃል ነግረውኛል። «የጳጉሜን ስሌት እንዴት አድርገህ ጻፍከው?» ብለውኝ ቢሆን ቁጭ ብዬ አጣራ ነበር። ጥያቄው በእኔ ቋንቋ ስላልመጣ ጆሮዬ አልገባም።

መስቀል ካለፈ በኋላ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸውና «አጠገብዎ ልቀመጥ?» አልኳቸው። ሦስት ሳምንት ተቀመጥኩ። የዱቤ ደብተራቸው ላይ ሙሉ ስም የሚባል ነገር የለም፤ «የሻምበል ባለቤት»፣ «ቀዩ ልብስ ሰፊ»፣ «የጊዮርጊሷ» እያለ ይሄዳል። የእኔ ፕሮግራም ደግሞ ስም፣ የአባት ስምና ስልክ ካልተሞላ ወዲያ አላልፍም ይላል። ዱቤው ሁሉ ተመልሶ ደብተር ላይ የቀረው ለካ ለዚህ ነው፤ እኔ ግን ሰዎቹ ኮምፒውተር ስለሚፈሩ ይመስለኝ ነበር። ደግሞ ሻጩ ልጅ ጨርቅ ሲለካ ለገዢ ምርቃት ይጨምራል፤ አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት፣ እንደ ደንበኛው። በደረሰኙ ሦስት ሜትር የተሸጠው ከጥቅሉ ላይ ከሦስት ሜትር በላይ ይቀንሳል። ወሩ ሲያልቅ የእኔ ኮምፒውተር «ጎደለ» ብሎ ያን ምስኪን ልጅ ሌባ ያስመስለዋል። ሁለት ጊዜ ከደመወዙ ተቆርጦበት እንደነበር የሰማሁት ያኔ ነው። «ምርቃት» የሚል መሙያ ጨመርኩበት። ከዚያ በኋላ የሸጥኩት ፕሮግራም ሁሉ የተሸጠው በዚያች ቃል ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ ነጋዴው ማያ ገጹ ላይ «ምርቃት» የሚለውን ሲያይ ይስቅና ዋጋውን ይጠይቀኛል።

ሁሉም ጥያቄ ግን የሚሰማ አይደለም። ለራሳቸው አንድ፣ ለግብር ሌላ ሒሳብ የሚያወጣ ፕሮግራም እንድሠራላቸው የጠየቁኝ ነበሩ። አልሠራሁም፤ ሦስት ደንበኞች አጣሁ፤ የዚያን ወር ኪራይ ተበድሬ ከፈልኩ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፣ ፈርቼም ነው።

ስለ ድርጅት ወረቀትም ብዙ ትጠይቁኛላችሁ፤ እዚህ ላይ አጭር ልሁን። በ1952ቱ የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። እኔም እንደ ብዙዎቹ አንድ ዘመዴን ለስሙ ያህል አስገባሁት፤ ከመቶ አምስት እጅ ድርሻ ሰጠሁት። ምን እንደሚሠራ፣ ሲወጣ ምን እንደሚደርሰው አንድ መስመር አልጻፍንም። ከዓመታት በኋላ ሥራው ሲሰፋ አምስቱ እጅ ስንት ብር እንደሆነ በሽማግሌ ሁለት ዓመት ተከራከርን። ታርቀናል፤ በዓል ሲመጣ ግን እንደ ድሮው አንጠያየቅም። የ2013ቱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን እንዲያቋቁም ስለፈቀደ እናንተ ለስም የሚገባ ዘመድ ፍለጋ አትዞሩም። ጓደኛ የምታስገቡ ከሆነ ግን ውሉን በፍቅር ጊዜ ጻፉት፤ ያኔ አንድ ገጽ ይበቃዋል።

የዶላሩን ጉዳይ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሁላችሁም አያችሁት። የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ፕሮግራማቸው የሚቀመጥበትን የውጭ ኮምፒውተር (ሰርቨር) ኪራይ በዶላር እየከፈሉ ከደንበኛ ጋር በብር የዓመት ውል የተፈራረሙ ልጆች ቢሮዬ መጥተው ፊታቸው አመድ መስሎ ተቀምጠዋል። ውሉን ከፍቼ ሳነበው ስለ ምንዛሪ ለውጥ የሚናገር ቃል የለበትም። እዚያው ተቀምጠን ለደንበኛው የልመና ደብዳቤ አረቀቅን፤ ሌላ መላ አልነበረም።

አሁን አሁን በወጣቶች የፈጠራ ውድድር ላይ በዳኝነት እጠራለሁ። አዳራሹ ያምራል፣ ስላይዱ ያምራል፣ የገበያው ስፋት በቢሊዮን ብር ይነገረናል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ይህን ከሚጠቀሙት ሰዎች አንዷ ዘንድ ስንት ቀን ተቀመጥክ?» አንዱ ጎበዝ ለጉልት ነጋዴዎች የክፍያ መተግበሪያ ሠርቶ ነበር፤ ገዢው ሲከፍል በገዢው ስልክ ላይ አረንጓዴ ምልክት ይወጣል። ያቀረበው ግን አንዲት የጉልት ነጋዴ ሳያማክር ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ሽንኩርት ሻጯም ብልህ ሆናለች፤ የሰው ስልክ ላይ የሚታይ ምልክት ሐሰተኛ ሊሆን እንደሚችል ታውቃለች፣ የራሷ ስልክ ካልጮኸ ፌስታሉን አትለቅም። ልጁ ሽልማቱን አገኘ፤ እኔ ዝቅተኛ ነጥብ ሰጥቼው ነበር፣ በድምፅ ብልጫ ተሸነፍኩ። ሲወጣ ጠርቼ ይህንኑ ነገርኩት። ቅር ብሎት ሄደ። ያቺ የግንቦት ፈገግታ በእሱም ፊት ላይ ነበረች።

አዛውንቱ ሒሳብ ያዥ ካረፉ ቆይተዋል። የእሳቸው መታሰቢያ እንዲሆን አንድ ልማድ አለኝ፤ ማንም ወጣት ፕሮግራሙን ሊያሳየኝ ሲመጣ መጀመሪያ የማስገባው ቀን ጳጉሜ 6 ቀን 2019 ነው። ባለፈው ወር ከብሔራዊ ቴአትር ብዙ በማይርቅ ቡና ቤት አንዲት ልጅ ለብድርና ቁጠባ ማኅበራት የሠራችውን የወለድ ማስያ ይዛልኝ መጣች። ቀኑን አስገባሁ፤ ተቀበለው። ደስ ብሎኝ ኮምፒውተሩን ልዘጋላት ስል ያዘችብኝ።

«ጋሼ፣ እኔን የጨነቀኝ እሱ አይደለም። ጳጉሜ 6 የተወሰደ የአንድ ዓመት ብድር መክፈያው መቼ ነው? በሚቀጥለው ዓመት ጳጉሜ 6 የለችም። ጳጉሜ 5 ነው ወይስ መስከረም 1? የአንድ ቀን ወለድ ነው፤ ግን የሰው ገንዘብ ነው።»

ከሃያ ዓመት በላይ ስለዚያች ቀን ሳወራ ይህ አንድም ቀን አልታየኝም። «የማኅበሩን ሒሳብ ያዥ ጠይቀሻታል?» አልኳት። ሰንጋ ተራ አካባቢ እንደምትሠራና ከምሳ በፊት እንደምትገኝ ነገረችኝ። ሰዓቱ 5 ተኩል ነበር። የቡናውን ሒሳብ ከፍዬ ኮቴን አነሣሁና አብሬያት ተሻገርኩ።