ሊኖ ስታትሙ ጥቁሩ ለምን ይዥጎረጎራል? ቀለም ከመጨመራችሁ በፊት ወረቀቱን እዩት

አንዲት እህታችን ከደብረ ብርሃን ጠይቃለች። ከጓደኞቿ ጋር ወጣት ማዕከል ውስጥ ትንሽ ክፍል ተሰጥቷቸው ሊኖ ይቀርጻሉ (ሊኖ ማለት ተቀርጾ፣ ቀለም ተቀብቶ እንደ ማህተም ወረቀት ላይ የሚታተም ለስላሳ ንጣፍ ነው፣ የተቀረጸውን ብሎክ እንለዋለን)፣ ወረቀቱን ብሎኩ ላይ የሚጫን ማሽን ማለትም ፕሬስ የላቸውም፣ የሚያትሙት በማንኪያ ጀርባ እያሹ ነው፣ ቀለማቸው በውሃ የሚታጠበው ዓይነት፣ ወረቀታቸው ደግሞ ወፈር ያለ የስዕል ወረቀት። ችግሩ ምንድነው፣ ድፍን ጥቁር መሆን ያለበት ሰፊ ቦታ ግራጫ ይሆንና በነጭ ነጠብጣብ ይሞላል፣ ቀለም ሲጨምሩ ቀጫጭኑ መስመር ይደፈናል፣ አንዳንዴ ደግሞ ወረቀቱ ብሎኩ ላይ ይጣበቅና ሲላጥ ይቀደዳል። "ያለ ፕሬስ አይሆንም ተባልን፣ እውነት ነው? ሁለተኛ ቀለምም ልንጨምር አስበን ነበር" ትላለች።

እህቴ፣ ፕሬሱን ለጊዜው እርሺው። ፕሬስ ቢኖር ጥሩ ነው፣ ትከሻ ያሳርፋል፣ ግን ያንቺን ችግር ፕሬስ የለም ብሎ መዝጋት ስንፍና ነው። ያ ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ ያየው የጃፓኑ ሰዓሊ የሆኩሳይ ትልቁ ማዕበል፣ በፈረንጆቹ 1831 አካባቢ ከእንጨት ብሎክ የታተመው፣ ፕሬስ የሚባል ነገር አልነካውም፣ ቀለሙም እንዳንቺው የውሃ ቀለም ነው፣ ባረን በሚሉት ክብ ጠፍጣፋ ማሻ በሰው እጅ እየታሸ ነው የወጣው። ግን የነሱ ወረቀት ስስ ነው፣ ከመታተሙ በፊትም እርጥበት ይዞ ነው የሚቀርበው። ያንቺ ወፍራምም ደረቅም ነው። እኔ ችግሩን የማየው እዚህ ጋ ነው።

ግን መጀመሪያ እርግጠኛ እንሁን። ሶስት አራት ህትመት ጎን ለጎን ዘርጊና ነጩ የት እንደሚወጣ እዪ። ሁሉም ላይ እዛው ቦታ ከሆነ ጥፋቱ የብሎኩ ነው፣ ወይ እዛ ጋ ጎድጎድ ብሏል ወይ ስትቀርጹ የወጣ ፍርፋሪ ተለጥፎበታል። ፍርፋሪ ከሆነ ምልክቱ ግልጽ ነው፣ መሃል ላይ ጥቁር ነጥብ ይኖርና ዙሪያውን ነጭ ክብ ይሰራል፣ ያን በመርፌ ጫፍ ማንሳት ነው። ጎድጓዳ ከሆነ ደግሞ በዛው ቦታ ልክ የቀደድሽውን ስስ ወረቀት ከብሎኩ ስር በኮላ ለጥፊ፣ ፊቱን እንዳትነኪው፣ ከስር ከፍ ሲል ከላይ ይስተካከላል። ዳር ዳሩ ጥቁር ሆኖ መሃሉ የገረጣ ከሆነ እጅሽ ነው፣ መሃል ላይ አልታሸም። ነጩ በየህትመቱ ቦታ እየቀያየረ በሁሉም ላይ የተዘራ ከሆነ ግን ወረቀትና ቀለም ናቸው፣ ከገለጽሽው የምረዳው ይሄኛውን ነው።

ምን መሰለሽ፣ የስዕል ወረቀት በዓይን ለስላሳ ቢመስልም ወደ መስኮት አዘንብለሽ ስታዪው ትናንሽ ጉብታና ጎድጓዳ አለው። ደረቅ ሲሆን ጉብታው አይተኛም፣ ስለዚህ ቀለም የሚነካው ጉብታውን ብቻ ነው፣ ጎድጓዳው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ያ ነው ነጠብጣብሽ። አንቺ ቀለም ስትጨምሪ ቀለሙ ጎድጓዳው ድረስ ለመድረስ ይወፍራል፣ ከመድረሱ በፊት ግን የቀረጽሽው ቀጭን መስመር ውስጥ ይፈሳል። ሁለቱም ችግርሽ ከአንድ ቦታ ነው የመጡት ማለት ነው።

መፍትሄው ወረቀቱን ማርጠብ ነው፣ እዚህ ጋ ቀስ ብዬ ልናገር ምክንያቱም ብዙ ሰው ሞክሬው አልሰራም የሚለው ነገር ስላለ። ውሃ ረጭቶ ወዲያው ማተም ማርጠብ አይደለም፣ ላዩ ይረጥባል ውስጡ ደረቅ ነው፣ ቀለሙም ይንሳፈፋል። ማርጠብ ከማታው ነው የሚጀመረው። ንጹህ ስፖንጅ ውሃ ነክረሽ ጨምቂው፣ አንዱን ወረቀት በደንብ አብሺው፣ በላዩ ደረቅ ወረቀት አድርጊ፣ ከዛ እንደገና የረጠበ፣ እንደገና ደረቅ፣ እንደዛ እያልሽ ደርድሪ። ክምሩን ትልቅ ፌስታል ወይ ላስቲክ ውስጥ ጠቅልለሽ አየር እንዳይገባው አድርጊ፣ ከላይ ጣውላ፣ ከጣውላው ላይ ከባድ ነገር፣ ይደር። ጠዋት ስትከፍቺው ውሃው ከረጠበው ወደ ደረቁ ሄዶ ሁሉም እኩል ይሆናል። እንዴት ታውቂያለሽ፣ አንዱን አውጥተሽ ጉንጭሽ ላይ አድርጊው፣ ቀዝቀዝ ማለት አለበት ግን ጉንጭሽን ማርጠብ የለበትም። ብርሃን ላይ ስታዘነብዪው የሚያብለጨልጭ ውሃ ካየሽ በዛበት፣ በንጹህ ጨርቅ መሃል አድርገሽ ተጫኚው። የውሃ ቀለም ስለሆነ ይሄን ነገር አትናቂው፣ ውሃ የበዛበት ወረቀት ላይ የመስመሩ ጠርዝ ፀጉር ያወጣል። በነገራችን ላይ የረጠበ ክምር ብዙ ቀን አይቀመጥም፣ በተለይ ክረምት ላይ ይሻግታል፣ የምታትሚውን ያህል ብቻ አርጥቢ።

ወረቀት መቀየር ከቻልሽ ደግሞ ከዚህም ቀላል ነው። ለማንኪያ የሚሆነው ስስ ወረቀት ነው፣ ማንኪያውን ስታሺ ከጀርባው ቅርጹ ብቅ ሲል የሚታይበት ዓይነት። ወፍራም የስዕል ወረቀት ለፕሬስ ነው የሚመቸው፣ ሰው ግን ውድ ስለሆነ ይሻላል ብሎ ያስባል። ለሙከራ የፎቶ ኮፒ ወረቀትም የጋዜጣ ወረቀትም ይበቃል፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሶስት ህትመቶች መቼም ገርጥተው ነው የሚወጡት ብሎኩ ቀለም እስኪጠግብ ድረስ፣ እነሱን በጥሩ ወረቀት ማባከን ምን ይባላል።

አሁን ወደ መጣበቁ። ይሄ የአየሩ ጉዳይ ነው። የውሃ ቀለም የሚደርቀው ውሃው ሲተን ነው፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ በበጋ ያ ደረቅ ንፋስ እያለ መስኮት ከፍታችሁ ብትሰሩ የብሎኩን አንድ ጥግ ቀብታችሁ ሌላው ጥግ ስትደርሱ የመጀመሪያው ደርቋል። ግማሽ የደረቀ ቀለም ደግሞ ኮላ ነው፣ ወረቀት ይይዛል እንጂ አይለቅም። ስለዚህ መስኮትና በር ዝጉ፣ ፀሐይ ከሚመታው ጠረጴዛ ራቁ፣ ወረቀቱን አጠገባችሁ አዘጋጅታችሁ ነው ቀለም መንካት የሚጀመረው። ከዛ ግሊሰሪን፣ ያው ሱቅም ፋርማሲም ያለው ለቆዳ የምንቀባው፣ ቀለሙ ውስጥ ጠብ ጠብ አድርጊበት፣ ለአንድ ማንኪያ ቀለም ሁለት ሶስት ጠብታ ይበቃል፣ በስፓቱላ በደንብ አሺው። መድረቁን ያዘገየዋል። ካበዛሽው ግን ህትመቱ ሳምንትም ቆይቶ ጣት ላይ ይጣበቃል፣ እና በጠብታ ነው ያልኩት በጠብታ ይሁን። ወረቀት ቀድሞ ከተጣበቀብሽ አትጎትቺው፣ ጀርባውን እርጥብ ስፖንጅ በስሱ አስነኪው፣ ትንሽ ጠብቂ፣ ከዛ ከጥጉ ጀምረሽ ዝቅ አድርገሽ ላጪው።

ብሎኩን ቀለም የምትቀቢበት ሮለር ላይ ደግሞ ከዓይን ይልቅ ጆሮሽን እመኚ። ቀለም የሚዘረጋበት መስታወት ላይ ቀለሙን በሮለሩ ስፋት ልክ በስፓቱላ ቀጭን አድርገሽ አስምሪ፣ ሮለሩን ወደፊት አንከባሊ፣ ጫፍ ስትደርሺ አንሺው፣ አየር ላይ ትንሽ ይዙር፣ መልሰሽ አሳርፊው። ሳታነሺ ወደፊት ወደኋላ ካመላለስሽው ሁሌ ያው ጎኑ ነው ቀለም የሚያነሳው። ቀለሙ ከበዛ ሮለሩ ጯ ጯ የሚል የሚጣበቅ ድምጽ ያወጣል፣ መስታወቱም ላይ የተጨማደደ ወፍራም ሸካራ ገጽ ታያለሽ። ልክ ሲሆን ግን ድምጹ ሽንኩርት በዘይት ሲቁላላ ከሩቅ የሚሰማውን ዓይነት ስስ ሽሽታ ነው፣ ገጹም እኩል ደቃቅ ይሆናል። ያን ስትሰሚ ወደ ብሎኩ። አንዴ በወፍራሙ ከመቀባት አራት አምስቴ በስሱ፣ አቅጣጫ እየቀያየርሽ፣ በመሃል ሮለሩን ወደ መስታወቱ እየመለስሽ።

ማንኪያውን በተመለከተ የእንጨት ማንኪያ ይሻላል፣ የብረቱ ሲሞቅ ወረቀት ይላጫል፣ የብረት ብቻ ካለሽ ግን ከላይ ስስ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት አድርገሽ በዛ ላይ እሺ። በትንንሽ ክብ፣ ከመሃል ወደ ዳር። ድፍን ጥቁሩ ላይ ቆዪ፣ ቀጫጭን መስመር ያለበት ጋ ቀለል አድርጊ። እና ብዙ ጀማሪ የማያውቃት ነገር፣ አንድ እጅሽ ወረቀቱን በአንድ በኩል ተጭኖ እንደያዘ ሌላውን ጎን እስከ ግማሽ ገልጠሽ ማየት ትችያለሽ። ከገረጣ እንደተገለጠ ጓደኛሽ ብሎኩ ላይ ስስ ቀለም ትጨምር፣ መልሰሽ አስተኚው፣ እሺው፣ ከዛ ሌላኛውን ግማሽ። የያዝሽው ጎን እስካልተንቀሳቀሰ ድረስ ወረቀቱ እዛው ቦታው ነው የሚያርፈው። ፕሬስ ያለው ሰው ይሄን እንዲህ በቀላሉ አያደርገውም፣ እናንተ ታደርጉታላችሁ።

ጓደኛሽ ያልኩት በምክንያት ነው። ብዙ ሰው በሚጋራው ስቱዲዮ ውስጥ ሁሉም ሰው ሁሉንም ሲሰራ ወረቀቱ የጣት አሻራ ብቻ ይሆናል። ሁለት ሁለት ሁኑና አንዷ ቀለም ብቻ ትንካ፣ ሌላዋ ወረቀት ብቻ፣ ከዛ ትቀያየራላችሁ። ሮለርም በፊቱ ቆሞ እንዳይውል፣ አንድ ሌሊት በጎማው ላይ ከቆመ ጠፍጣፋ ቦታ ያወጣል፣ ከዛ በኋላ የሁላችሁም ህትመት ላይ እየተደጋገመ የሚመጣ ገረጣ መስመር ይኖራል፣ ማን እንዳደረገውም አይታወቅም። ሚስማር መትታችሁ ስቀሉት።

ወደ ዘይት ቀለም መሄድ ካሰባችሁ፣ ማተሚያ ቤቶች የሚጠቀሙበት የኦፍሴት ቀለም ጥቁሩ በጣም ጥሩ ነው፣ ብሎክ ላይም ቶሎ አይደርቅም ምክንያቱም የሚደርቀው ከአየር ጋር እየተዋሃደ ነው እንጂ እየተነነ አይደለም። ግን የጠዋት ብርድ ላይ ይጠነክራል፣ ጠንክሮ እምቢ ካለ የተልባ ዘይት አንድ ሁለት ጠብታ ያላላዋል። ሊኖው ራሱ ከተልባ ዘይት ነው የሚሰራው፣ ከቡሽ ዱቄትና ከእንጨት ዱቄት ጋር ተቦክቶ፣ ስለዚህ ይስማማሉ። የምግብ ዘይት ግን ቀለም ውስጥ እንዳትጨምሩ፣ በተለይ ፓልሙ አይደርቅም፣ እሱ ለማጽዳት ነው፣ ሮለርና መስታወቱን በዘይት አሽታችሁ ከዛ በሳሙና። አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ፣ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ካርቶን ውስጥ ጥላችሁ እንዳትሄዱ። ሲደርቅ ይሞቃል፣ ተጠቅጥቆ ሙቀቱ መውጫ ካጣ ማንም ክብሪት ሳይጭር በራሱ ይቀጣጠላል። ወይ ገመድ ላይ ዘርጉት ወይ ውሃ ባልዲ ውስጥ ንከሩት። የተሰጣችሁ ክፍል የእናንተ ብቻ አይደለም።

ሊኖ ካለቀባችሁ ኤምዲኤፍ፣ ያ ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሰራው ሰሌዳ፣ ይሰራል፣ ብቻ ከመቀባታችሁ በፊት ፊቱን በቫርኒሽ አጥግቡት አለዚያ ቀለሙን ይጠጣዋል፣ ይሄው ነጭ ነጠብጣብ ደግሞ ይመጣል። ጣውላም ይሆናል። የእንጨት ህትመት ለኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም፣ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ሃንሰን ባሂያ የሚባል ጀርመናዊ አዲስ አበባ አርት ስኩል ያስተምር ነበር፣ ሰዓሊው ዘሪሁን የትምጌታም እሱ ጋር የተማረ ነው፣ አጋጣሚ ካገኘሽ የዘሪሁንን የእንጨት ህትመቶች እዪ። እንጨት ላይ ጅማቱ ጥቁሩ ውስጥ ነጭ ሆኖ ሲወጣ እሱን ስህተት ብለሽ እንዳታባርሪው።

ሁለተኛው ቀለም ላይ እንድትጠነቀቂ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የረጠበ ወረቀት ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። የመጀመሪያውን ቀለም በእርጥብ አትመሽ አድርቀሽ ሁለተኛውን በደረቅ ካተምሽ አይገጥምም፣ ኤ ሶስት የሚያህል ወረቀት ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ስለዚህ ለሁለት ቀለም ስስ ወረቀት በደረቁ ተጠቀሚ። ካርቶን ላይ ብሎኩ የሚቀመጥበትን ጥግ በሁለት ጠባብ ጣውላ አስይዢ፣ ወረቀቱ የሚያርፍበትን ሌላ ጥግ ደግሞ በወፍራም ካርቶን ቁራጭ፣ የሁለቱም ቀለም ብሎኮች እኩል መጠን ይቆረጡ፣ ወረቀቱ ሁሌ በዛው ጥግ ይግባ። ፈዛዛው ቀለም ይቅደም፣ ጥቁሩ መጨረሻ፣ ትንሽ ቢዛነፍ ጥቁሩ ይሸፍነዋል። የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ሁለተኛውን እንዳትደርቢ፣ ግሊሰሪን ጨምረሽበት ከሆነ ደግሞ ከወትሮው ረዘም አድርገሽ ጠብቂ፣ በጣትሽ ጀርባ ነክተሽ ካልያዘሽ ቀጥዪ።