ዝግመተ ለውጥን መማር ክህደት ይሆናልን?

ጥያቄ፦ ልጄ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሲሆን በአጥቢያችንም በድቁና ያገለግላል። በባዮሎጂ ስለ ዝግመተ ለውጥ ከተማረ ወዲህ፣ በፈተና ላይ መጽሐፉ እንደሚለው ቢመልስ እምነቱን የካደ እየመሰለው ይጨነቃል። ምን ልበለው?
እናት፣ ከአዘዞ፣ ጎንደር

መልስ፦ የተከበሩ እናታችን፣ ልጅዎ የተጨነቀው ሁለቱንም ትምህርት ከልቡ ስለያዘ ነውና አይቆጡት። በመጀመሪያ፣ ሳይንሱ «ሰው ከዝንጀሮ ተወለደ» አይልም። የስሜን ተራራው ጭላዳ አያታችን አይደለም፤ በእጅጉ የራቀ ቅድመ አያት የምንጋራው ፍጥረት ነው። በ1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ስትሆን፣ ዳሌዋና የጉልበቷ አጥንት በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ እንደነበር ያሳያሉ፤ የዝርያዋ አንጎል ግን የዛሬውን ሰው ሲሶ ያህል ብቻ ነበር። ይህ በአገራችን አፈር የተገኘ ማስረጃ ስለሆነ፣ ሐሰት ነው ብሎ ማለፍ ለልጅዎ መልስ አይሆነውም።

ኦሪት ዘፍጥረትም ሰው ከምድር አፈር እንደተበጀና የሕይወት እስትንፋስ እንደተሰጠው ይናገራል እንጂ እግዚአብሔር አፈሩን ሰው ለማድረግ የፈጀውን ጊዜ አይሰፍርም። ፀሐይ በ4ኛው ቀን መፈጠሯን ያስተዋለው የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስ፣ የዝግመተ ለውጥን ትምህርት ካቀረበው ከዳርዊን 1,400 ዓመት ያህል ቀድሞ፣ የፍጥረት ቀናት እንደኛ ቀናት መሆናቸውን ጠይቋል። የጎንደር ሊቃውንትም በአንድ ንባብ ላይ «አንድም» እያሉ ብዙ ምሥጢር ያወጣሉ። ይህን ስል ሊቃውንቱ ዝግመተ ለውጥን አስተምረዋል ማለቴ አይደለም፤ ጥቅሱን ከአንድ አቅጣጫ በላይ መመርመር ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም ማለቴ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛም እ.ኤ.አ. በ1950 የሥጋን አመጣጥ መመርመር እንደሚቻል ፈቅደው፣ ነፍስ ግን በቀጥታ ከእግዚአብሔር እንደምትፈጠር አጽንተዋል።

ይሁን እንጂ ሁሉም ነገር ታርቋል ብዬ ልጅዎን ማታለል አልፈልግም። ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዓመት የሚለው የባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያናችን የዘመን ስሌት) ቁጥር ከቅሪተ አካላቱ ዕድሜ ጋር አይገጥምም። ከዚያ ይበልጥ የሚከብደኝ ግን ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ 5 ኃጢአት በአንድ ሰው ወደ ዓለም ገባ ማለቱ ነው፤ የዘረመል ጥናት የዛሬው ሰው የተገኘው በሺዎች ከሚቆጠር ማኅበረሰብ መሆኑን ይጠቁማልና። አዳምን የዘር ሁሉ ብቸኛ ምንጭ ከማድረግ ይልቅ እግዚአብሔር በመጀመሪያ የጠራው የሰው ልጆች ራስ አድርገው የሚያዩ ክርስቲያኖች አሉ፤ እኔም ወደዚህ አዘነብላለሁ፣ ነገር ግን የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ነው አልልም።

ፈተናው የሚጠይቀው ሳይንስ ምን እንደሚል ስለሆነ የተማረውን ይጻፍ፤ ክህደት አይሆንበትም። የሮሜውን ጥያቄ ግን ሳይፈራ ለየኔታ ያቅርብ።