ሁሉንም ልንካ ወይስ አንዱን ልያዝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ደብረ ብርሃን በአንድ የመጠጥ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ነው የምሠራው። የተማርኩት ኤሌክትሮ ሜካኒካል ነው፤ ሥራ ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ዛሬ ቦይለር፣ ነገ ኮንቬየር፣ ከነገ ወዲያ ጄኔሬተር እያልኩ ሁሉንም ነካ ነካ አደርጋለሁ እንጂ አንዱንም ጠንቅቄ አላውቅም። አለቃዬ «ሥራ የማያጣው ሁሉን የሚችል ነው» ይለኛል። አዲስ አበባ ያለች የክፍሌ ልጅ ግን ፒኤልሲ (የፋብሪካ ማሽኖችን በፕሮግራም የሚያዘውን ኮምፒውተር) ብቻ ይዛ ደህና እየተከፈላት ነው፤ «እዚያ ዕድሜሽን አትፍጂ» ትለኛለች። ቅዳሜና እሁድ አዲስ አበባ እየተመላለስኩ ማስተርስ ልጀምርም አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?
(የጥገና ክፍሏ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም አልዋሹሽም። አለቃሽ የሚያየው የራሱን ሺፍት ነው። ሌሊት ማሽን ሲቆም ምንም ይሁን ምን የሚደርስለት ሰው ይፈልጋል። ጓደኛሽ የምታየው የአዲስ አበባን ገበያ ነው፤ እዚያ አንዱ መሥሪያ ቤት ቢያስመርራት ሌላው በታክሲ የሚደረስ ነው።

እኔ አንዱን ያዢ ባይ ነኝ። የትኛውን እንደሆነ ግን ከጓደኛሽም ከእኔም አትስሚ፤ የጥገና መዝገባችሁን ጠይቂው። ያለፈውን ዓመት ገልብጪና እናንተ አቅቷችሁ ከውጭ ሰው የጠራችሁባቸውን ቀናት ብቻ ለይተሽ ጻፊ። ሰውየው እስኪመጣ መስመሩ ስንት ሰዓት ቆመ? መጥቶስ ምን ነካ? ኩሽኔታ ለመቀየር ከ130 ኪሎ ሜትር ሰው የሚያስመጣ የለም። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ላፕቶፕ ያንጠለጠለው ነው፣ ስለዚህ ጓደኛሽ ትክክል ሳትሆን አትቀርም። መዝገቡ የማቀዝቀዣ ባለሙያ ወይም የቦይለር ሰው ካሳየሽ ግን ፒኤልሲውን ትተሽ እሱን ያዢ።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። የምትይዢው ሙያ ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው የሚሻገር ይሁን። የአንድ ኩባንያ የጠርሙስ መሙያ ማሽን ሊቅ ብትሆኚ ያ ማሽን ከሌለበት ግቢ ውጭ ማን ይፈልግሻል? ሞተር፣ ድራይቭ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው መሣሪያ)፣ ሴንሰርና ፒኤልሲ ግን የቢራ ፋብሪካውም ጋ፣ የብርድ ልብሱም ጋ፣ በ2017 የተመረቀው የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካም ጋ አሉ። ሰሜን ሸዋን ሳትለቂ የምትዘዋወሪበት መንገድ ይሄ ነው።

አሁን «ነካ ነካ» ስላልሽው ሦስት ዓመት። እሱን አታቃልዪብኝ! ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው 90 ዲግሪን ትንሽ አልፎ ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ ያለ መሐንዲስ የጻፈው ፕሮግራም «ክፍቱ ጋን 95 ዲግሪ እስኪደርስ ጠብቅ» ቢል፣ ውሃው ይንተከተካል፣ እንፋሎቱ ይባክናል፣ ፕሮግራሙ ግን እስከ ነገም ቢሆን ይጠብቃል። ላፕቶፕ ብቻ የሚያውቅ ሰው ሴንሰሩን ይቀይራል፣ ሽቦውን ይፈትሻል፣ መጨረሻ ላይ ፒኤልሲው ተበላሽቷል ይላል። አንቺ ግን ቦይለር ነክተሻል።

ድራይቩም እንደዚያው ነው። ብዙዎቹ አምራቾች አቅሙን የሚጽፉት እስከ 1000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀቱን እንደልብ አያወጣም፤ በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ገደማ ይቀነሳል። እናንተ ጋ ወደ 18 በመቶ መሆኑ ነው። ብርዱ አያካክሰውም ወይ ትዪ ይሆናል፤ በከፊል አዎ፣ የካቢኔው ማጣሪያ በአቧራ ካልተደፈነ። ድራይቩ ሞቀብኝ ብሎ ሲቆም ጥፋቱን ፕሮግራም ውስጥ የሚፈልግ ሞልቷል።

ከየት ልጀምር ካልሽ ከላደር ጀምሪ፤ የፒኤልሲ ፕሮግራም በመሰላል መልክ የሚጻፍበት ቋንቋ ነው። የፒኤልሲው ስም ሲመንስም ይሁን አለን ብራድሊ አስተሳሰቡ አንድ ነው። ኮዴሲስ የሚባለውን ሶፍትዌር በነፃ አውርደሽ ኮምፒውተርሽ ላይ ፒኤልሲን ማስመሰል ትችያለሽ፣ ዕቃ መግዛት አያስፈልግሽም። ፋብሪካው ውስጥ ደግሞ ነገ ጠዋት አለቃሽን «የማሽኖቻችን ፕሮግራም ቅጂ የት ነው?» ብለሽ ጠይቂው። ዝም ካለ ሥራ አገኘሽ ማለት ነው። አንዳንድ የቆዩ ፒኤልሲዎች ፕሮግራማቸውን የሚይዙት በባትሪ ነው፤ ባትሪው ሞቶ መብራት ከጠፋ ፕሮግራሙም አብሮ ይጠፋል። መብራት ስንቴ እንደሚጠፋ ለአንቺ አልነግርሽም። ቅጂውን አስወስደሽ፣ ባትሪዎቹን መዝግበሽ፣ የሚቀየሩበትን ቀን ብታወጪ ላፕቶፑን ማንም አይነሳሽም።

ያ ከውጭ የሚጠራው ሰው ሲመጣም ከአጠገቡ አትጥፊ። ቡና አምጪለት ካሉሽ ሌላ ሰው ላኪ። ምን እንደነካ፣ ለምን እንደነካ ጠይቂው፣ ጻፊው።

ማስተርሱን ለአሁኑ አቆዪው። መማር ጠልቼ አይደለም። ግን ብዙ ፋብሪካ መስመሩን ለጥገና የሚያቆመው ቅዳሜና እሁድ ነው፤ ፕሮግራም መሞከር የሚፈቀድልሽም ያኔ ብቻ ነው፣ አንቺ ደግሞ አውቶቡስ ላይ ልትሆኚ ነው። አንድ ዓመት ያህል ቅጂውንና ላደሩን ተያያዢው። ከዚያ መማሩን ከፈለግሽ የመመረቂያ ርዕስሽን ከዚያው ከመስመራችሁ ይዘሽ ሂጂ፤ አለቃሽ ክፍያውን በከፊል እንዲሸፍን ለመጠየቅም ያኔ አፍ ይኖርሻል።