ለመጽሐፍ መደርደሪያ የቱ እንጨት ይሻላል? (መልስ)

ርዝመቱ 90 ሳ.ሜ. ለሆነ የመጽሐፍ መደርደሪያ ከጥድ፣ ከባሕር ዛፍ፣ ከኮምፔርሳቶና ከኤምዲኤፍ (የእንጨት ቃጫ በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) የቱ ይሻላል ላሉት፦ 18 ሚ.ሜ. ኮምፔርሳቶ ይውሰዱ።

መጽሐፍ ከባድ ነው፤ አንድ ሜትር ሙሉ ሲደረደር ከ20 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል። ኤምዲኤፍ ቀለም ሲቀባ ያምራል፤ ግን ሸክም ሲቆይበት መሃሉ ይጎብጣል፣ መጽሐፉ ሲነሳም ወደ ቦታው አይመለስም። በ18 ሚ.ሜ. ውፍረት ከ60 ሳ.ሜ. ባያስረዝሙት ጥሩ ነው። ኮምፔርሳቶውም ቢሆን 90 ብቻውን ይበዛበታል። ከፊት ጠርዙ ሥር 4 ሳ.ሜ. ቁመት ያለው ቀጭን ጣውላ አቁመው በኮላ ይለጥፉለት። ጥንካሬው የሚመጣው ከላይ እስከ ታች ካለው ቁመት ነው፦ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጉብጠቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል።

ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፤ ጣጣው ሲደርቅ መጣመሙና መሰንጠቁ ነው። መድረቁን ለማወቅ አንዱን ጣውላ ዛሬ ይመዝኑት፣ ከሳምንት በኋላ ይድገሙት፤ ክብደቱ ከቀነሰ ገና ነው። ለ4 ሚ.ሜ. ብሎን አስቀድመው በ3 ሚ.ሜ. ይብሱት፤ አለዚያ ጫፉ ይተረተራል።

ጥድ ለሥራ ይቀላል። ትልቅ ጉጥ ያለበትን ጣውላ ግን ለመደርደሪያ አያውሉት፤ ሲሰበር የሚሰበረው እዚያው ጉጡ ላይ ነው።