ቮልሴን በፊያት 600 ልለውጥ?

ከደብረ ማርቆስ የጻፉልን መምህር ጥያቄ ይህ ነው፦ 1300 ቮልሳቸው ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ሲወጣ ጉልበት ያጣል፣ ይጠፋል፣ ካልበረደም አይነሳም። አጎታቸው ፊያት 600 ዲ አላቸውና «እንለዋወጥ» ብለዋቸዋል።

መምህር፣ አይለውጡ። ሲበርድ የሚነሳ፣ ሲግል የሚሞት ቮልስ ብዙውን ጊዜ የ3ኛው ሲሊንደር የጭስ ቫልቭ ክፍተት (በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው ትንሽ ርቀት) ጠፍቶበት ነው። ቫልቩ ሲግል ይረዝማል፤ ክፍተት ከሌለው ገጥሞ አይዘጋም፣ ኮምፕሬሽኑ (ሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው ጋዝ) ያመልጣል።

ከሁሉ በፊት ግን ከቤንዚን ፓምፑ ወደ ካርቡራተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ በእጅዎ አጠፍ አድርገው ይዩት። ከሰነጠቀ ሞተሩን አያስነሱ። ቤንዚኑ ለሻማዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተሩ አጠገብ ነው የሚንጠባጠበው፤ የሞተሩ አካል ደግሞ የማግኒዚየም ቅይጥ ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ ውሃ ያባብሰዋል።

ለምን 3ኛው? በአሮጌው አሠራር የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው ማራገቢያው ሽፋን ውስጥ፣ ወደ 3ኛው በሚሄደው ነፋስ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ሌሎቹ ቀዝቃዛ አየር ሲያገኙ እሱ የዘይቱን ሙቀት የተሸከመ አየር ይደርሰዋል። ከ1971 እ.ኤ.አ. ሞዴል ወዲህ በብዙዎቹ ላይ ማቀዝቀዣው ከዚያ ወጥቷል። በዚያ ላይ ደጀን 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ማራገቢያውም የሚገፋው አየር ይቀንሳል። በሞተሩ ላሜራና በቦዲው መካከል ያለው ጎማ ከሌለ ደግሞ ከታች የወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ሞተር ያወረደ ሁሉ ያንን ጎማና ትንንሾቹን ላሜራዎች «ትርፍ ነው» ብሎ ይጥላል፤ የብዙ ቮልስ ሞት ከዚህ ነው። የእርስዎንም ይፈትሹ፣ የጎደለውን ያስገጥሙ።

ቫልቩን ሞተሩ ካደረ በኋላ ይለኩ። የዲስትሪቢዩተሩ ሮተር ጠርዙ ላይ ካለው ጭረት ሲገጥም 1ኛው ሲሊንደር ነው። የክራንክ ሻፍቱን ፑሊ ወደ ኋላ ግማሽ ዙር እያዞሩ 2፣ 3፣ 4 ይቀጥሉ። በ13 ቁልፍና በካቻቢቴ ሁሉንም 0.15 ሚሊ ሜትር ያድርጉ። 3ኛው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ ጠቦ ከተገኘ ቫልቩ እየተሳበ ነውና ጭንቅላቱ ተበጥሶ ፒስተን ሳይመታ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ይውረድ።

ፊያቱን በተመለከተ፣ 767 ሲሲው ወደ 29 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ክብደቱ 600 ኪሎ ገደማ ነው። የእርስዎ 40 ጉልበት ይዞ 800 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ባዶውን ዳገት ላይ ብዙም አይበላለጡም። አራት ሰውና ሻንጣ ሲጫን ግን ፊያቱ ወደ ታችኛው ማርሽ ቶሎ ይወርዳል። ማርቆስ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ዳገቱ ሳያልቅ ይፈላና የአልሙኒየም ቴስታታው ይጣመማል። ለገበያና ለጠባብ ሰፈር ፊያቱ ይመቻል፤ ጠጠር መንገድ ላይ ግን የቮልሱ 15 ኢንች ጎማ ከእሱ 12 ኢንች ይሻላል።

ቱቦውን ሲቀይሩ ለቤንዚን የተሠራውን ይግዙ። የውሃ ወይም ግልጽ ፕላስቲክ ቱቦ አያስገቡ፣ ጫፉንም በሽቦ አይጠፍሩት፤ ሁለቱንም ጫፍ በፋሸታ ያጥብቁ፣ ሞተሩ እየሠራ ቤንዚን እንዳያልበው በጣትዎ ዳስሰው ያረጋግጡ። የዱቄት እሳት ማጥፊያውን ከኋላ ሳይሆን ከሹፌሩ ወንበር ሥር ያድርጉ።