ድኖ ለተመለሰ ሰው ምን ሥራ ተሰጠው?

ልጆቼ፣ ከእናንተ አንዷ ሰሞኑን «የሥጋ ደዌ ታካሚ መድኃኒቱን ከጨረሰ በኋላ የእኛ ሥራ ምንድነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሳኝ።

ስለ መድኃኒቱ አልደግምላችሁም። 6 ወር ነው፣ ለአንዳንዱ 12 ወር። መውሰድ ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ በሽታው ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ወሎ፣ ቦሩ ሜዳ አካባቢ ስሠራ አንድ ገበሬ ታክሞ ወደ ቀዬው ሲመለስ አብሬው ሄድኩ። እዚያ እድሩን ቅሬ ይሉታል። የቅሬው ዳኛ፣ መሪው ማለት ነው፣ በክብር ተቀበሉን፣ ስሙም ከመዝገብ አልተፋቀም፣ መዋጮውን እንደ ሰው ይክፈል አሉ። ደስ አለኝ። ሳይቆይ ጎረቤት ሞተ። ሰውዬው ከሁሉም ቀድሞ መቃብሩ ቦታ ደረሰና አካፋ አነሳ። አንድ ጎረምሳ ቀስ ብሎ ከእጁ ወሰደበት፣ «አንቱ ይረፉ፣ እኛ አለን» አለው። ክፉ ቃል አልወጣውም። ሰውዬው ከሰው ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ ቀብሩ እስኪያልቅም እጆቹን ጋቢው ውስጥ እንደከተተ ነበር። ንፍሮ ሲታደል ለሌላው በእፍኝ ተሰጠ፣ ለእሱ በቅጠል አድርገው አጠገቡ አስቀመጡለት። ሚስቱ ግሩም ጠላ ትጠምቅ ነበር፤ የሚገዛት ጠፋ። በኋላ አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ መግባታቸውን ሰማሁ፣ የዛሬው አለርት ሆስፒታል አካባቢ፣ እንደነሱ ቀዬአቸውን የለቀቁ ብዙ ታካሚዎች የሰፈሩበት። መዋጮውን እስከ መጨረሻው ከፍሏል። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

እናንተ ከእኛ ትውልድ ይልቅ ደፋሮች ናችሁ፣ ግን አዳራሽ ታበዛላችሁ። ግንዛቤ ማስጨበጫ ተብሎ ፎቶ ተነስቶ አበል ተከፍሎ ይበተናል። ሰው ወደ ሰው የሚመለሰው ተራ ሲደርሰው ነው፤ ድንኳን ሲተክል፣ ቡና ሲያጠጣ፣ ሬሳ ሲሸከም።

እርግጥ ያ ጎረምሳ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ነርቩ የተጎዳ እጅ አካፋ ሲልጠው አይሰማውም። ታዲያ እጀታው ላይ ጨርቅ ይጠቅለልለት፤ ካልሆነም መዝገቡን ይያዝ፣ ከቀብር የቀረውን ሰው ስም ይጥራ። ስለዚህ ታካሚውን ከመሸኘታችሁ በፊት ዳኛው ዘንድ ሂዱ። «ትቀበሉታላችሁ ወይ?» አትበሉ፣ ሁሉም እሺ ይላችኋል። «የሚቀጥለው ቀብር ላይ ምን ይሠራል?» በሏቸው፣ መልስ ሳታገኙም አትነሱ።